ሸሪክ ልናስገባ የሄድንበት የጠበቃ ቢሮ

እኔና ታላቅ ወንድሜ ኮተቤ ውስጥ የካርቶንና የማሸጊያ ሕትመት እንሠራለን። ድርጅቱን በ2009 ዓ.ም. ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር አድርገን ስናቋቁም ካፒታሉ 600,000 ብር ነበር። እያንዳንዱ አክሲዮን 1,000 ብር ሲሆን 360ው የእኔ፣ 240ው የወንድሜ ነው። በ2015 ዓ.ም. ካርቶን የሚቆርጥና የሚያጥፍ ማሽን መግዛት ግድ ሆነብን፤ ገንዘቡ ግን አልነበረንም። ድሮ አንድ ማተሚያ ቤት አብሮኝ የሠራ ጓደኛዬ 1,500,000 ብር ይዞ «አስገቡኝ» አለ። በሙያው የማምነው ሰው ስለሆነ ደስ ብሎን ተቀበልነው።

ይህን የምጽፈው ጉዳዩን የጨረሰልንን የጠበቃ ቢሮ አገልግሎት ለመገምገም ነው። ቢሮው ካዛንቺስ አካባቢ ነው። ዋናዋ ጠበቃ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ ሁለት ወጣት ጠበቆችና በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣ አንድ የሂሳብ ባለሙያ አብረዋቸው ይሠራሉ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ቅሬታም ስላለኝ፣ ጥቅሙንም ጉድለቱንም በነፃነት መናገር እፈልጋለሁ። ደግሞም ለእናንተ የሚጠቅማችሁ እዚያ የተማርነው እንጂ የእነሱ ስም አይደለም።

መጀመሪያ የሄድነው ግን እነሱ ጋ አልነበረም። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ በ8,000 ብር «በሳምንት ጨርሼ እሰጣችኋለሁ» አለን። ሐሳቡ ቀላል ነበር። እኔ 120 አክሲዮን፣ ወንድሜ 80 አክሲዮን ለሸሪካችን እንሸጥለትና የድርጅቱ አንድ ሦስተኛ የሱ ይሁን፤ ወረቀቱ ላይ ግን የሽያጩ ዋጋ 1,500,000 ሳይሆን 200,000 ብር ተብሎ ይጻፍ። «ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው» አለ። ወንድሜ ሊስማማ ምንም አልቀረውም። እኔን የከበደኝ ሌላ ነገር ነበር፦ ገንዘቡ ለእኔና ለወንድሜ ኪስ ከሆነ ማሽኑን ማን ይገዛል?

ጠበቃዋ ይህን ስነግራቸው ወረቀት ስበው ሂሳቡን ፊታችን ሠሩት። ሁለት መቶ አክሲዮን፣ መነሻ ዋጋው 200,000 ብር። በ1,500,000 ሲሸጥ ትርፉ 1,300,000 ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት አክሲዮን ተሽጦ ከሚገኝ ጥቅም ላይ በወቅቱ 30 በመቶ ይከፈል ነበር፤ 390,000 ብር ማለት ነው። ከዚያ ወደ ሸሪካችን ዞረው እንዲህ አሉት፦ «ዋጋው ዝቅ ብሎ ቢጻፍ ከሁሉም በላይ የሚጎዱት እርስዎ ነዎት። ነገ ቢጣሉ ያወጡት 200,000 ብር ብቻ ነው ይባላሉ። ድርሻዎን ሲሸጡም ግብሩ የሚሰላብዎት ከ200,000 ተነስቶ ነው። ደግሞም ሐሰተኛ ሰነድ ላይ ፈርመዋል።» ሰውዬው የያዘውን ቡና አስቀመጠና ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ያቺን ደቂቃ አልረሳትም፤ ከጉዳይ አስፈጻሚው ጋር ብንቀጥል ኖሮ ይህን የሚነግረው ሰው አልነበረምና።

ከዚያ በፊት ሸሪካችን ራሱ ሌላ መንገድ አስቦ ነበር፤ «ለምን በእጅ ወረቀት ተዋውለን አንሠራም?» ይል ነበር። ጠበቃዋ ይህ በሕጉ የእሽሙር ማህበር የሚባለው መሆኑን አስረዱን። እንዲህ ያለው ማህበር አይመዘገብም፣ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት የለውም፣ በሦስተኛ ወገን ዘንድም አይታወቅም። ለአንድ ጊዜ ሥራ ይሆናል፤ ማሽን ተገዝቶለት ለዓመታት ለሚዘልቅ ሥራ ግን አይሆንም።

እሳቸው የመከሩን አክሲዮን መሸጥ ትተን ካፒታል እንድናሳድግ ነው። አዲስ አክሲዮን ሲወጣ እኔም ወንድሜም የሸጥነው ነገር የለም፤ ያልሸጠ ሰው ደግሞ የሽያጭ ጥቅም ግብር አይከፍልም። ገንዘቡም በቀጥታ ወደ ድርጅቱ ይገባል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ችግሩ የወጣው የሂሳብ ባለሙያው መዝገባችንን ሲከፍት ነው።

ድርጅቱ ከዓመት ዓመት ያገኘውን ትርፍ አከፋፍለን አናውቅም። 30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብሩን ከፍለን የቀረውን ለወረቀትና ለቀለም፣ ለጥገናም እናውለው ነበር። ያልተከፋፈለ ትርፍ ራሱ ግብር እንዳለበት ግን የነገረን አልነበረም፤ ሂሳባችንን ለዓመታት የሠራልን ሰው አንድም ቀን አላነሳውም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ያልተከፋፈለው ትርፍ የግብር ዓመቱ ካለቀ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ካፒታል ለማሳደግ ካልዋለ በወቅቱ 10 በመቶ ይከፈልበት ነበር። ብሩ ዕቃ ተገዝቶበት መጋዘን ውስጥ አለ ማለት አይበቃም፤ ካፒታሉ ማደጉ በሰነድ መታየት አለበት።

የእኛ ሂሳብ ሁለት ቦታ ተከፈለ። የ2012 እና የ2013 ዓ.ም. ትርፍ 1,800,000 ብር ነበር፤ የዚህ ጊዜ አልፏል። 180,000 ብር ግብር፣ መቀጫና ወለዱ ተደምሮ ደግሞ 120,000 ብር ከፈልን። ሦስት መቶ ሺህ ብር ባለማወቅ ብቻ ወጣ። ወንድሜ ያን ዕለት ምሳ አልበላም። የ2014ቱ 900,000 ብር ግን ገና ነፍስ ነበረው፤ የግብር ዓመታችን ሰኔ 30 ስለሚያልቅ እስከ ሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ካፒታል ካደረግነው ከ10 በመቶው እንድናለን። ቢሮው የገባነው መጋቢት አጋማሽ ላይ ነው። ጠበቃዋ ቀኑን ሰሌዳው ላይ በቀይ ከበቡትና «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» አሉ። በኋላ የነበረን ጥድፊያ ሁሉ ከዚያ ቀይ ክብ የመጣ ነው።

ያንን ግብር ከፍለን ከአሮጌው ትርፍ 1,500,000 ቀረ፤ ከ900,000ው ጋር 2,400,000 ሆነ። ይህ በነባሩ ካፒታል ላይ ሲጨመር 3,000,000 ብር ይሆናል፤ 1,800 አክሲዮን ለእኔ፣ 1,200 ለወንድሜ። ጠበቃዋ ቅደም ተከተሉ ላይ አጥብቀው ቆሙ። መጀመሪያ የእኛ ትርፍ ካፒታል ይሆናል፣ ከዚያ በሌላ ውሳኔ አዲሱ አባል ይገባል። ተገላቢጦሽ ቢሆን እኛ ለዓመታት የደከምንበትን ትርፍ ከሱ ጋር እንካፈለው ነበር፤ ለሱም ሁለተኛው ውሳኔ ሲጻፍ የሚከፍለው በትክክለኛ ዋጋ መሆኑን ያሳየዋል። ሸሪካችን ይህን ሲሰማ አላኮረፈም፤ የተመረመረውን ሂሳብ ጠይቆ ሦስት ቀን ቤቱ ይዞት ሄደ። ትክክል ነበር።

አሁን ደግሞ እኔ በግሌ ያላሰብኩት ነገር መጣ። ሸሪካችን 1,500,000ውን በሙሉ ካፒታል ካደረገው ጠቅላላው 4,500,000 ይሆናል፤ የሱ ድርሻ 33.3 በመቶ፣ የእኔ 40፣ የወንድሜ 26.7። እኔና ወንድሜ ተደምረን 66.7 በመቶ ስለሆንን ምንም አይሆንም ብዬ ነበር። ጠበቃዋ የመመስረቻ ጽሑፋችንን ገልጠው አንዱን አንቀጽ በጣታቸው አሳዩኝ፦ መመስረቻ ጽሑፉን ለመለወጥና አክሲዮን ለውጭ ሰው ለማስተላለፍ የካፒታሉ ሦስት አራተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። የራሴ ድርጅት ሰነድ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. ከፈረምኩበት ወዲህ አንብቤው አላውቅም ነበር። በዚያ ድልድል ያለ ሸሪካችን ፈቃድ አንዲት ቃል መለወጥ አንችልም ነበር ማለት ነው።

ሁለት ሳምንት ተከራከርን። በመጨረሻ ሸሪካችን 1,000,000 ብሩን ካፒታል አደረገ፤ 1,000 አክሲዮን ከ4,000፣ 25 በመቶ። የቀረውን 500,000 ለድርጅቱ ያለ ወለድ አበደረ፤ በሦስት ዓመት የሚመለስ፣ በጽሑፍ ውል። የእኔና የወንድሜ 3,000 አክሲዮን ልክ ሦስት አራተኛ ነው። ልክ! አንዲት አክሲዮን ብትጎድል ያን ድምፅ አናገኝም። ስለዚህ «ከሦስት አራተኛ ያላነሰ» የሚለው ቃል ሳይሸራረፍ እንዲጻፍ ጠበቃዋ ሁለት ጊዜ አስነበቡን። ሸሪካችንም ባዶ እጁን እንዳይቀር ማሽን መሸጥ፣ ከ1,000,000 ብር በላይ መበደርና የሥራ አስኪያጁን ደመወዝ መወሰን የሦስታችንንም ፊርማ እንዲፈልግ ተደረገ። ይህን ሐሳብ ያመጡት ራሳቸው ጠበቃዋ ናቸው፤ የእኛ ጠበቃ ሆነው ሳለ ለሱም ማሰባቸው ነው ሰውዬው እንዲያምነን ያደረገው።

ስለዚያ 500,000 ብር አንድ ነገር ልጨምር። ሸሪካችን የካቲት ውስጥ፣ ገና ምንም ሳይፈረም፣ ለማሽኑ ቀብድ ብሎ 300,000 ብር ድርጅቱ ሂሳብ አስገብቶ ነበር። ጠበቃዋ የባንኩን መግለጫ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ይህ ምንድን ነው? ሽያጭ ነው? ብድር ነው? መዋጮ ነው?» መልስ አልነበረንም። የግብር መርማሪ ወረቀት የሌለው ገቢ ካገኘ ያልተመዘገበ ሽያጭ ነው ብሎ የትርፍ ግብርና 15 በመቶ ቫት ሊያስብበት እንደሚችል አስረዱን። ወንድሜ «የየካቲት ቀን ያለው የብድር ውል ይጻፍልን» ሲል ጠየቀ። «ቀን ወደኋላ አልጽፍም» አሉ፤ በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ። የዚያን ዕለት ቀን ያለበት ቃለ ጉባዔ ጻፉ፤ ገንዘቡ በዚህ ቀን በዚህ ደረሰኝ እንደገባ፣ የብድሩ አካል እንደሆነ የሚገልጽ፣ የባንክ ወረቀቱ አባሪ የተደረገበት። ለእኔ የዚህ ቢሮ ትልቁ ዋጋ ይህ ነው። ቀን የማይቀይር ጠበቃ ነገ ሌላ ደንበኛ መጥቶ በእኔ ላይ ቀን እንዲቀይር ሲጠይቀውም እምቢ ይላል።

የሸሪካችን ባለቤት በአንድ ስብሰባ ላይ እንድትገኝ ተጠራች። በቤተሰብ ሕጉ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ስለሚገመት፣ 1,500,000 ብሩ የእሷም ነው። ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና «እሱ አንድ ነገር ቢሆን እኔና ልጆቹ ምን እንሆናለን?» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ሦስት ወንዶች ለወራት ስንከራከር ይህን የጠየቀ አልነበረም። ጠበቃዋ ያን ዕለት አንድ አንቀጽ ጨመሩ፦ አባል ቢሞት ወራሾቹ አባል ሆነው መቀጠል ካልፈለጉ ወይም ካልተስማማን፣ የአክሲዮኑን ዋጋ የውጭ ኦዲተር ይገምታል፤ ክፍያውም በአንድ ዓመት ውስጥ ይጠናቀቃል። የእኔም ሚስት የወንድሜም ሚስት በኋላ ይህን አንቀጽ አነበቡት።

ሌላው ጠቃሚ ነገር ወደኋላ ስላለ ግብር የተጻፈው ነው። የግብር ባለሥልጣኑ ያሳወቅነውን ግብር በአምስት ዓመት ውስጥ እንደገና ሊያሻሽለው ይችላል፤ ማጭበርበር ካለ ደግሞ የጊዜ ገደብ የለውም። ሸሪካችን ከመግባቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ላይ ነገ ግብር ቢመጣ የሚከፍለው ድርጅቱ ነው፤ ድርጅቱ ከከፈለ ደግሞ ሩቡ ከሱ ኪስ እንደወጣ ይቆጠራል። ስለዚህ እስከ ሰኔ 30 ቀን 2014 ዓ.ም. ላለው ጊዜ የሚመጣ ማንኛውም ግብር ከእኔና ከወንድሜ የትርፍ ድርሻ እንዲቀነስ ተስማማን። ያንን የግብርና የመቀጫ 300,000 ብር ከከፈልን በኋላ ይህን መፈረም ከብዶኝ ነበር፤ ግን ፍትሐዊ ነው።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር።

አንደኛ፣ የሂሳብ ባለሙያው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መምጣቱ ከባድ ነው። ያልተከፋፈለውን ትርፍ ለማስላት 11 ቀን ጠበቅን፤ ቀነ ገደብ ላለበት ጉዳይ ይህ ያስጨንቃል። ሁለተኛ፣ የሚያስፈልጉትን ሰነዶች አንድ ላይ ዘርዝረው አልሰጡንም። አንድ ቀን የመመስረቻ ጽሑፍ፣ ሌላ ቀን የሸሪካችን ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር)፣ ሌላ ቀን የጋብቻ ማስረጃ፣ ሌላ ቀን የኦዲት ሪፖርት። ከኮተቤ ካዛንቺስ አራት ጊዜ የተመላለስነው ለዚህ ነው። ሦስተኛው በጣም ያናደደኝ ነው። ወጣቱ ጠበቃ ያዘጋጀው ቃለ ጉባዔ ላይ የሸሪካችን አያት ስም በ«ሀ» ተጻፈ፤ መታወቂያው ላይ ግን በ«ኀ» ነው። ውልና ማስረጃ ሦስታችንም ሥራ ፈትተን፣ ተሰልፈን፣ ተራችን ደርሶ ሳለ ተመለስን። ስህተት ያጋጥማል፤ ግን ሰነዱን ከመታወቂያው ጋር አስተያይቶ ማንበብ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ጠበቃዋ በማግስቱ ራሳቸው አብረውን መጥተው ተሰልፈው አስጨረሱ፤ ይህን አልክድም።

ሰነዱ ከተረጋገጠ በኋላ ያለው በአንጻሩ ፈጣን ነበር። በንግድ ቢሮ በኩል የንግድ ምዝገባው ተሻሻለ፣ ፈቃዱ ላይ ያለው ካፒታል ተቀየረ፤ ሁሉም ያለቀው ሰኔ 21 ነው። ለግብር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤታችን ደግሞ ሁለት ደብዳቤ ጻፉልን። አንዱ የድርጅቱ ባለቤትነት 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሲለወጥ መነገር ስላለበት፣ ሌላው ደግሞ በግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት የተመዘገበ ግብር ከፋይ ለውጡን በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ስላለበት ነው። ጉዳይ አስፈጻሚው ስለ ሁለቱም ትንፍሽ አላለም ነበር። ማህተም ያረፈበት ቅጂ ቢሮዬ ፋይል ውስጥ አለ።

ወደ ክፍያው ልምጣ። ዋጋውን የነገሩን በሦስተኛው ቀጠሮ ነው፤ በመጀመሪያው መነገር ነበረበት። 45,000 ብር ነበር፣ ቫት ሲጨመር 51,750። እኛ ዊዝሆልዲንግ (ከፋዩ ቀንሶ ለመንግሥት የሚያስገባው ግብር) 2 በመቶ፣ 900 ብር ቀንሰን ከፈልን፤ ሕጋዊ ደረሰኝ ሰጡን። ከ8,000 ብር ጋር ሲወዳደር ውድ ይመስላል። ግን 2014ን ብቻ ቢይዙ እንኳ 90,000 ብር አስቀርተውልናል፤ አክሲዮን ሽያጩን ቢይዙ ደግሞ 390,000። ጉዳዩ ቀላል ለሆነ፣ ለምሳሌ የተጠራቀመ ትርፍ ለሌለው ጀማሪ ድርጅት፣ ይህን ያህል መክፈል አይመስለኝም። ለዓመታት ለሠራ ድርጅት ግን ዓይኔን ሳላሽ እከፍላለሁ።

ይህ ሁሉ በ2015 ዓ.ም. የነበረ ነው። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ስለተሻሻለ፣ እኔ የጻፍኳቸውን መቶኛዎች ይዛችሁ አትወስኑ፤ በሥራ ላይ ያለውን አስነብቡ። የንግድ ሕጉም ቢሆን የ1952ቱ ሳይሆን አዋጅ ቁጥር 1243/2013 መሆኑን አትርሱ፤ አሁንም አሮጌውን እየጠቀሰ ውል የሚጽፍ ሰው አጋጥሞኛል።

ወደ ጠበቃ ቢሮ ስትሄዱ የመመስረቻ ጽሑፉን፣ የሦስት ዓመት የተመረመረ ሂሳብ፣ የሁሉንም አባላት ቲንና መታወቂያ፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ፣ የድርጅቱን የስድስት ወር የባንክ መግለጫ በአንድ ፖስታ ይዛችሁ ግቡ። ማሽኑ ነሐሴ ውስጥ ገብቶ ተተከለ፤ ሸሪካችን ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ያስነሳዋል።